ካሬው የት ገባ? የዌብካም ትሬሾልድ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ማርከር የተሞላ ካሬ፣ ክብ እና ሦስት ማዕዘን አለ። ዌብካሙ ያነሳል፣ ፓይተንና ኦፕንሲቪ (የምስል ማቀነባበሪያ ላይብረሪ) ደግሞ የቱ የቱ እንደሆነ ይለያሉ። ብዙ ሰው ትሬሾልዱን፣ ማለትም ፒክስሉ ጥቁር ወይም ነጭ የሚባልበትን የብርሃን ወሰን፣ 127 አድርጎ ይጀምራል። እምቢ ሲለው 110፣ አሁንም እምቢ ሲለው 140 እያለ ይቀጥላል። ይሄ ልፋት ብቻ ነው። 127 ከ0 እስከ 255 ያለው መሃል ከመሆኑ በቀር ስለ ክፍላችሁ ብርሃን የሚያውቀው ነገር የለም።

ቁጥሩን ከመነካካት በፊት ፒክስሎቹን አንብቡ። ምስሉን ወደ ግሬይስኬል (ቀለም የሌለው፣ ብርሃን ብቻ ከ0 ጥቁር እስከ 255 ነጭ የሚለካበት ምስል) ቀይሩና ወረቀቱ ስንት፣ ቅርጹ ስንት እንደሆነ እዩ። ወረቀቱ 190፣ ማርከሩ 45 ከሆነ መሃላቸው 117 ግድም ነው። ከዚያ ጀምሩ።

ምልክት፦ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ካሜራው ፊት ሲያልፍ ሁሉም ነገር ጥቁር ይሆናል

ምክንያቱ አውቶ ኤክስፖዠር፣ ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን ራሱ ማስተካከሉ፣ ነው። ካሜራው ብርሃን በዛ ብሎ ምስሉን ያጨልማል። 190 የነበረው ወረቀት 110 ይገባል፣ 117 ላይ ያቆማችሁት ትሬሾልድም ወረቀቱንና ቅርጹን አንድ ላይ ይውጣቸዋል። ጠዋት ሠርቶ ከሰዓት እምቢ የሚለውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው።

መፍትሄው ኤክስፖዠሩን ወደ ማኑዋል ቀይሮ መቆለፍ ነው። ዋይት ባላንሱንም (የቀለም ማስተካከያውን) አብራችሁ ቆልፉ። ግን አንዳንድ ዌብካም ትእዛዙን ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ስለዚህ ፈትሹት። የምስሉን ግማሽ በሌላ ነጭ ወረቀት ሸፍኑና ያልተሸፈነው በኩል ያለ አንድ ፒክስል አንብቡ። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ተቆልፏል።

ምልክት፦ ምስሉ ላይ ጠቆር ያለ ሰፊ መስመር ይንሸራተታል፣ ቅርጹም ብቅ ጥልቅ ይላል

የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላሉ፣ ዓይናችን ግን አያየውም። ዌብካሙ 60 ኸርዝ ላይ ተስተካክሎ ከሆነ ያያል። ከካሜራው ሴቲንግ 50 ኸርዝ ምረጡ፣ ወይም ኤክስፖዠሩን 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ አድርጉት። አሜሪካ ላላችሁ 60 ኸርዝ ትክክል ነው፣ ኤክስፖዠሩም 1/120 ወይም 1/60 ይሆናል።

ምልክት፦ በመስኮቱ በኩል ያለው ቅርጽ ይታያል፣ በወዲያኛው በኩል ያለው በጥቁር ይዋጣል

ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሮቹን እንያቸው። ግራጫ ቅርጾች ናቸው እንበል። በመስኮቱ በኩል ወረቀቱ 220፣ ቅርጹ 105 ነው። በጨለማው በኩል ወረቀቱ 95፣ ቅርጹ 40 ነው። የመስኮቱን ቅርጽ ለመያዝ ትሬሾልዱ ከ105 በላይ መሆን አለበት። የጨለማውን ወረቀት ነጭ ለማድረግ ደግሞ ከ95 በታች። ሁለቱንም የሚያሟላ ቁጥር የለም! ሌሊቱን ሙሉ ብትሞክሩም አታገኙትም።

የኦትሱ ዘዴም እዚህ አያድንም። ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ኦትሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ይህ ዘዴ ከሂስቶግራሙ (በየብርሃን ደረጃው ስንት ፒክስል እንዳለ ከሚያሳየው ግራፍ) ተነስቶ ቁጥሩን ራሱ ይመርጣል፣ ሁለት ጥርት ያሉ ጉብታዎች ሲኖሩ በጣም እወደዋለሁ። ግን እሱም የሚሰጠው ለመላው ምስል አንድ ቁጥር ነው። ደግሞም ወረቀቱ ባዶ ቢሆን እንኳ አንድ ቁጥር ማውጣቱ አይቀርም፣ ያኔ ስክሪኑ በነጠብጣብ ይሞላል።

መጀመሪያ መጋረጃውን ዝጉና ከሁለት ጎን መብራት አድርጉ። ይህ ካልተቻለ አዳፕቲቭ ትሬሾልድ ተጠቀሙ። እያንዳንዱን ፒክስል ከአካባቢው አማካይ ጋር ስለሚያወዳድር የመስኮቱ ብርሃን አያታልለውም።

ከዚያ አዲስ ችግር ይመጣል፦ ቅርጹ ውስጡ ባዶ ሆኖ ጠርዙ ብቻ ይቀራል። ይህ የሚሆነው አማካዩ የሚወሰድበት አካባቢ መጠን (ብሎክ ሳይዝ) ከቅርጹ ሲያንስ ነው። መሃል ላይ ያለ ፒክስል ዙሪያው ሁሉ እንደ እሱ ጥቁር ስለሆነ ልዩነት አያይም። ቅርጹ 80 ፒክስል ከሰፋ ብሎኩን 151 ሞክሩ። ቁጥሩ ጎዶሎ መሆን አለበት። ከአማካዩ የሚቀነሰውን ሲ ከ7 እስከ 10 አድርጉት፣ ባዶው ወረቀት ላይ ነጠብጣብ ከበዛ ጨምሩት።

ምልክት፦ ቀይ ቅርጽ አረንጓዴ ወረቀት ላይ፣ ለዓይን ቁልጭ ብሎ እየታየ ለፕሮግራሙ የለም

ግሬይስኬል ሲሠራ ቀዩ በ0.299፣ አረንጓዴው በ0.587፣ ሰማያዊው በ0.114 ይባዛሉ። ቀይ 200፣ አረንጓዴ 30፣ ሰማያዊ 30 የሆነ ቅርጽ 81 ይወጣል። ቀይ 40፣ አረንጓዴ 110፣ ሰማያዊ 50 የሆነ ወረቀት 82 ይወጣል። ግሬይስኬሉን ተዉትና የቀዩን ቻናል ብቻ ውሰዱ፦ 200 ለ40። ኦፕንሲቪ ቀለሞቹን ከሰማያዊ ስለሚጀምር ቀዩ ሦስተኛው ነው።

ምልክት፦ የሚገኘው አንድ ትልቅ አራት ማዕዘን ብቻ ነው

የቅርጾችን ዙሪያ መስመር የሚያወጣው ኮንቱር ፈላጊ ነጩን እንደ ዕቃ፣ ጥቁሩን እንደ ጀርባ ነው የሚያየው። ወረቀቱን ነው ያገኘው። ትሬሾልዱን በተገላቢጦሹ ዓይነት አድርጉ፣ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር እንዲሆን።

ምልክት፦ ካሬው አምስት ወይም ስድስት ማዕዘን ይባላል

ከትሬሾልድ በኋላ ያለውን ጥቁርና ነጭ ምስል አጉልታችሁ እዩ። ጠርዙ ከተሸራረፈ ከትሬሾልዱ በፊት በ5 በ5 ጋውሲያን ብለር (ምስሉን በትንሹ በማደብዘዝ) አለስልሱት። ከዚያ የማዕዘን ማቅለያውን ኤፕሲሎን (ትናንሽ ሽርፍራፊዎችን ችላ የሚልበትን ርቀት) ከዙሪያው ርዝመት 2 እስከ 4 በመቶ አድርጉ። ክብን ለመለየት ግን ማዕዘን አትቁጠሩ። የቅርጹን የቦታ ስፋት (ኤሪያ) በ4 እና በፓይ አባዙና በዙሪያው ስኩዌር አካፍሉ። ትክክለኛ ክብ 1፣ ካሬ 0.785፣ ጎኖቹ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን 0.6 ይሰጣል። በፒክስል ሲለካ ክቡ 0.9 አካባቢ ስለሚወርድ መለያውን 0.95 ላይ አታድርጉት፣ 0.84 ይበቃል።