የጀልባ መዝገቡ በእኔ ማክ ይሠራል፣ በወደቡ ማክ ግን አልከፈት አለ

ጣና ዳር፣ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ለሚመላለሱ ጀልባዎች ተራ መያዣ አፕ በስዊፍት (የአፕል የፕሮግራም ቋንቋ) ሠራሁ። ላፕቶፔ ላይ እንከን አልነበረውም። ጣጣው የመጣው ተራ አስከባሪው ማክ ላይ ስንጭነው ነው።

ምልክት፦ አፑ ሲነካ «አፕል ከጎጂ ሶፍትዌር ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻለም» ይላል።

ምክንያት፦ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ ማክ «ከውጭ የመጣ ነው» የሚል የኳራንቲን ምልክት ይለጥፋል፤ ጌትኪፐር የሚባለው የማክ ዘበኛ ያንን ሲያይ አፑ ኖታራይዝ መደረጉን፣ ማለትም በአፕል ተፈትሾ ማለፉን ያያል። በፍላሽ ያደረስኩት ቅጂ ምልክቱ ስላልነበረበት ተከፈተ። ግራ ያጋባኝም ይኸው ነው።

መፍትሄ፦ ለአንድ ሁለት ሰው ከሆነ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ገብታችሁ ኦፕን ኤኒዌይ በሉት። ኮንትሮል ይዞ መክፈት የሚለው የድሮ ምክር ሴኮያ ከተባለው የማክ ሲስተም ስሪት (2024 እ.ኤ.አ.) ወዲህ አይሠራም። ለብዙ ሰው ከሆነ አፑን ኖታራይዝ ማስደረግ ነው፤ ለዚህ የአፕል ገንቢ አባልነት ያስፈልጋል፤ በዓመት 99 ዶላር ነው፤ መክፈያ ካርድ ማግኘቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ምልክት፦ በኢንቴል ፕሮሰሰር የሚሠራ የድሮ ማክ ላይ «ይህ ማክ አይደግፈውም» ይላል።

ምክንያቱ ለሙከራ የተገነባውን መላካችሁ ነው፤ እሱ ለራሳችሁ ፕሮሰሰር ብቻ ነው። ኤክስኮድ (አፑን የምትሠሩበት የአፕል ፕሮግራም) ላይ «አርካይቭ» በሚለው ትእዛዝ ገንብታችሁ ላኩ።

ምልክት፦ ዓመቱ 7518 ይላል።

ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። ስዊፍት ሁለት የኢትዮጵያ አቆጣጠር አለው፤ እናንተ የመረጣችሁት ዓመተ ዓለሙን ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ዲያቆን ገና ሲያየው 5500 ቀንሶ 2018 ይላችኋል። ዓመተ ምሕረቱን ምረጡ።

ምልክት፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል የወጣችው ጀልባ 7፡30 ተብላ ትታያለች።

ተራ አስከባሪው ከምሳ በኋላ የወጣች መስሎት ቀጣዩን ጀልባ አስቆመ፤ ነጂውም ጮኸ። እኔም ቸኩዬ ከተመዘገበው ጊዜ ላይ 6 ሰዓት ቀነስኩ። ቁጥሩ ተስተካከለ። ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚወጣው ዓሣ አጥማጅ በመዝገቡ ላይ ወደ ትናንት ተዛወረ። የተቀመጠውን ጊዜ ፈጽሞ አትንኩ፤ የሰዓት ቀጠናውን የአዲስ አበባ አድርጉት። ለዕይታ ብቻ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ባለው ቁጥር ላይ 6 ደምሩ፣ ለ12 አካፍሉና ቀሪውን ጻፉ፤ ቀሪው 0 ከሆነ 12 ነው። «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ»፣ «ሌሊት» የሚለውን ራሳችሁ አስቀምጡለት፤ ያለ እሱ ቁጥሩ ባዶ ነው።

ምልክት፦ ዓመቱን ሙሉ የሠራ አፕ ጳጉሜን 1 ጠዋት ድንገት ይዘጋል።

የወሮቹን ስም በእጄ ጽፌ 12 ላይ አቁሜ ነበር፤ አፑ 13ኛውን ሲፈልግ ገደል ገባ። ስሞቹን ከካሌንደሩ ራሱ ውሰዱ። ጳጉሜን 5 ላይ ሞክራችሁ አትርኩ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2015ንም አስገቡና እዩት።