ነባሩን ጎንደር ፎቶ ስታነሱ እነዚህን ተዉ

የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ካሜራና ስልክ ይዞ የሚወጣው ወጣት በዝቷል። ደስ ይላል። ነባሩን ፒያሳ፣ የአራዳን ሱቆች፣ የአዘዞን ታክሲ ወረፋ ሳይለወጡ በፎቶ ማስቀረት የሚያስብ ሰው ተገኘ ማለት ነው። ግን የምታሳዩኝን ፎቶ ሳይ ብዙ ጊዜ ትዕግሥቴ ያልቃል።

ግንቡ ላይ መጣበቅ። ፋሲል ግንብ በፈረንጆቹ 1979 ዩኔስኮ የመዘገበው ቅርስ ነው። ሺህ ጊዜ ተነሥቷል፣ ገናም ይነሣል። ቶሎ የሚጠፋው ከግቢው ውጭ ያለው ነው፦ በእጅ የተጻፈ የሱቅ ታፔላ፣ የቆርቆሮ በር፣ ሊስትሮው የሚቀመጥበት ደረጃ፣ ረዳቱ «አዘዞ! አዘዞ!» የሚልበት ጥግ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማዋን ይዞ ሳለ ከሠራቸው ሕንፃዎችም ፖስታ ቤቱን ከፊት ለፊት ያላነሣ የለም። እስቲ መስኮቶቹን፣ የደረጃውን እጀታ፣ የጀርባውን ግድግዳ ያነሣችሁ አሳዩኝ።

ቀንና ቦታ አለመጻፍ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ! አንዱ ልጅ የሚያምር የፒያሳ ፎቶ አመጣልኝ። ከሥሩ «04/05/2017» ብሎ ጽፏል። ምን ማለት ነው? ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው? ወይስ በፈረንጅ ኤፕሪል 5? ወይስ ሜይ 4? የኛው ጥርና የፈረንጁ ኤፕሪል ስምንት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልዩነት አላቸው። በዚያ መሀል ስንት ሱቅ ፈርሷል፣ ስንት ግድግዳ ተቀብቷል! ብጠይቀው «ካሜራው ነው የጻፈው» አለኝ። የካሜራው ሰዓት ደግሞ ባትሪው ከወጣ ጊዜ ጀምሮ ተዛብቶ ኖሯል። ሳትወጡ በፊት ሰዓቱን አስተካክሉ። ወሩን በቃል ጻፉ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. በሉ። ካሜራው 7:00 ሲል ጠዋት አንድ ሰዓት መሆኑንም አትርሱ።

«ፒያሳ» ብቻም አይበቃም። የት ቆማችሁ? ፊታችሁ ወዴት ነበር? ሱቁ ማን ይባላል? መጻፍ ከሰለቻችሁ እዚያው ቆማችሁ ስልካችሁ ላይ ድምፅ ቅዱ። «የድሮ ትዝታ» የሚል ጽሑፍ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ለማንም አይጠቅምም። ሌላም አለ፦ በቴሌግራም ስትልኩልኝ በፋይል ላኩ። እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል፣ ካሜራው የመዘገበው መረጃም ይጠፋል።

የማይነቃነቅ ነገር ፍሬም ውስጥ አለማስገባት። መንገዱ ሲሰፋና ሱቁ ሲነሣ ቦታውን በምን ትለዩታላችሁ? የጃንተከል ዋርካን ወይም የግንቡን አጥር ጥግ አስገቡበት። ከዓመት በኋላ እዚያው ቆማችሁ፣ በዚያው ሌንስ፣ በዚያው ሰዓት ድገሙት።

ስልኩን ወደ ላይ ማዘንበል። ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። መንገዱን ተሻገሩ፣ ወይም ፊት ለፊት ካለው ካፌ ፎቅ ላይ ውጡ።

በእኩለ ቀን ማንሣት። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ትከብዳለች። ከአራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በረንዳዎቹ ሥር ያለው ሁሉ ጥቁር ይሆናል። ወደ ምሥራቅ የሚያየውን ሕንፃ በጠዋት፣ ወደ ምዕራብ የሚያየውን ከአሥር ሰዓት በኋላ።

ሰላም ሳይሉ ማንሣት። ቅዳሜ ገበያ አንዱ መጥቶ አንድ የልብስ ሰፊ ፊት ካሜራ ደቀነ። ሽማግሌው የስፌት መኪናቸውን አቁመው ጀርባቸውን ሰጡት። ትንሽ ቆይታ ሌላዋ መጣች። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» ብላ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ፎቶውንም አገኘች፤ ሱቁ በደርግ ጊዜ ምን እንደነበረ፣ ከጎኑ እነማን ይሠሩ እንደነበር ሁሉ አወሩላት። እሱንም ቀድታዋለች። ጎበዝ!

ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሡ። ወታደርና ኬላ አታንሡ። ይሄን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

ቀለም ማጋነን። ፊልተር ስትጭኑበት የደበዘዘው ክሬም ቀለም ብርቱካን ይሆናል። ሕንፃው ነገ አዲስ ቀለም ከተቀባ የቀድሞው የሚታወቀው ከፎቷችሁ ነው። ማሳመር ካማራችሁ ኮፒውን አሳምሩ፤ ኦሪጅናሉን ሳትነኩ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን።