ተንሸራታቹ አልተበላሸም፤ የሚይዘው አጥቶ ነው

ባሕር ዳር ውስጥ የውሃ ሀብት የሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን በፓይተን ግራፍ መሥራት አለማምዳለሁ። ሥራቸው ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። የግልገል ዓባይን የዕለት ፍሰት ይስሉና ከዝናቡ ምን ያህሉ ወደ ወንዙ እንደሚደርስ የሚለዋውጥ፣ በማውስ የሚጎተት ተንሸራታች (ስላይደር) ከሥሩ ያስቀምጣሉ። ከዚያ አንዱ ይመጣና «ጋሼ፣ አልንቀሳቀስ አለኝ» ይለኛል።

ባለፈው ክረምት የመጣው ልጅ ማውስ ቀይሯል፤ የፓይተንን ግራፍ መሣያ፣ ማትፕሎትሊብን፣ አጥፍቶ እንደገና ጭኗል፤ በመጨረሻም የጓደኛውን ኮምፒውተር ተውሷል። ኮዱን ከፈትኩት። ተንሸራታቹን የፈጠረው በአንድ ፈንክሽን (በስም በሚጠራ የትእዛዞች ስብስብ) ውስጥ ነው፤ ፈንክሽኑም ሥራውን ሲጨርስ ተንሸራታቹን ለማንም አላስረከበም። ፓይተን ደግሞ ባለቤት ያጣን ነገር ከማኅደረ ትውስታ ጠርጎ ያወጣል። ሥዕሉ ግን በመስኮቱ ላይ ይቀራል! እጀታው ይታያል፤ ብትጎትቱት የሚሰማችሁ የለም። ልጁ «ቤት ስሞክረው ይሠራ ነበር» ብሎ ማለልኝ፤ እውነቱን ነው። ቤት የሞከረው በተርሚናል ነበር፤ ማሳያው ትእዛዝ በዚያው ፈንክሽን ውስጥ ስለተጠራ መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ ፈንክሽኑ አላለቀም፤ ተንሸራታቹም በሕይወት ቆየ። ኮድ በብራውዘር ውስጥ ቁራጭ በቁራጭ በሚሠራበት በጁፒተር ግን ፈንክሽኑ ወዲያው ያልቃል። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፤ ፈንክሽኑ ተንሸራታቹን ይመልስ፣ ጠሪው በስም ይያዘው። ይህ በማትፕሎትሊብ መመሪያ ላይ ተጽፏል። ተጽፎ ሳለ በዓመት ስንት ጊዜ እንደምደግመው የማውቀው እኔ ነኝ።

በጁፒተር ስትሠሩ መጀመሪያ ግራፉ ፎቶ ብቻ ሆኖ እንዳልወጣ እዩ። «ኢንላይን» የሚባለው አሠራር የሚያወጣው ፎቶ ነው። በጁፒተር ውስጥ ግራፉ ለማውስ እንዲታዘዝ የሚያደርገውን አይፒኤምፒኤልን ጫኑና አሠራሩን ወደ «ዊጄት» ቀይሩት።

ተንሸራታቹ ሲነካ የሚጠራውን ፈንክሽን ስታስመዘግቡ በስሙ ብቻ፣ ያለ ቅንፍ።

ቀጣዩን እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ያውም ሰው ፊት። ተንሸራታቹ በተነካ ቁጥር መስመሩን እንደ አዲስ አስልኩ። የ10 ዓመት የዕለት መረጃ ከ3,650 ነጥብ ይበልጣል፤ አሮጌው መስመር ሳይነሣ አዲሱ ስለሚደረብበት 200 ጊዜ ሲንቀሳቀስ ከ730,000 ነጥብ በላይ ሆነ። ግራፉ የድመት መጫወቻ የሆነ ድውር መስሎ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። መስመሩን አንድ ጊዜ ብቻ ሳሉት፤ ከዚያ በኋላ የቁመት እሴቶቹን ብቻ ለውጡና ሸራው እንዲታደስ እዘዙ። እንዲህ ስታደርጉ ደግሞ የግራፉ ወሰን አብሮ እንደማይለወጥ አትርሱ። አለዚያ በነሐሴ የሞላው ግልገል ዓባይ ከግራፉ ጣሪያ በላይ ይወጣና ወንዙ የደረቀ ይመስላችኋል። ወሰኑ እንደገና ይሰላ፣ ከዚያ ልኬቱ ይስተካከል፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

አንዲት ተማሪ ከደብረ ማርቆስ ደወለችልኝ። የዝናብ ቀኖችን በሳጥን ለመምረጥ በጎተተች ቁጥር ግራፉ እየጎላ ሄደባት፤ መምረጫው ዝም አለ። ሁለት ቀን ኮዷን ስትፈትሽ ከርማለች።

«ከመሣሪያዎቹ መካከል አጉሊ መነጽሩ ተጭኖ ይሆን?» አልኳት። እሱ በርቶ ሳለ መምረጫው ተራ አያገኝም።

ዝም አለች። ቀጥሎ የማውስ ጠቅታ፣ ከዚያም ሳቋ ተሰማኝ።