የውጭ ግድግዳ ላይ የሚቆይ ሥዕል እንዴት ይሠራል? ከቀለሙ በፊት ውሃውን ፈልጉ

የግድግዳ ሥዕል እየሳልኩ ነው የምኖረው። ቀጣሪ የለኝም። ካፌ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ጂም፣ የሰው ግቢ፣ ብቻ የጠራኝ ጋ ሁሉ ባልዲዬንና ሮለሬን ይዤ እሄዳለሁ። ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ «ይህን የሚያክል ነገር እንዴት ትስለዋለህ?» እያለ ነው። ማተለቁ ቀላል ነው፣ ወደ ታች አሳያችኋለሁ። ከባዱ ነገር ሥዕሉ ክረምት እንዲያልፍ ማድረግ ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ገንዘብ ከስሬ ነው። የተወሰኑ ዓመታት አልፈዋል። ሊከፈት የተቃረበ አንድ ካፌ የጎን ግድግዳውን እንድስልለት ጠራኝ። ልስኑ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ባለቤቱ ለምረቃው ቸኩሏል፣ እኔም የቤት ኪራይ ደርሶብኛል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ሳልኩ። ቁመቷ ሦስት ሜትር ነው። እንዲያንጸባርቅ ብዬ በዘይት ቀለም ሠራኋት። የምረቃው ቀን ሰው ሁሉ ከሷ ጋር ፎቶ ተነሣ።

ነሐሴ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። ሄጄ ሳይ ጉንጯ አብጧል። እብጠቱን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሸርተት ብሎ መጣ። ከሥሩ ያለው ልስን እርጥብ ነው። የቀለሙ ጀርባ ደግሞ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ሙሉውን ፍቄ አወረድኩት። ከዚያ በራሴ ወጪ 11 ቀን ሠርቼ መለስኩት።

የሆነው ነገር ይሄ ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ውስጥ ውሃና ኃይለኛ አልካሊ አለ። ዘይት ከአልካሊ ጋር ሲገናኝ ሳሙና ይሆናል፤ የልብስ ሳሙናም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። በዚያ ላይ የዘይት ቀለም እንደ ላስቲክ ስለሚዘጋ ውስጥ የቀረው ውሃ መውጫ ያጣል። ስለዚህ ቀለሙን ገፍቶ ያነሣዋል። የኔ ሥዕል ጥፋት አልነበረበትም። ጥፋቱ ግድግዳውን ሳላየው መጀመሬ ነበር።

ውሉ

አጭር ነው፣ ግን አትዝለሉት። ንድፉን ወረቀት ላይ ሠርታችሁ አስፈርሙ። ስፋቱን በካሬ ሜትር ጻፉ። ቀለም ማን ይገዛል፣ መወጣጫውን ማን ያቀርባል፣ ንድፉ ስንት ጊዜ ይቀየራል የሚለው ይጻፍ። እኔ ግማሹን ቀብድ ሳልቀበል ብሩሽ አልነከርም። ደንበኛው ተከራይ ከሆነ የሕንፃው ባለቤት ይፈርም። ግድግዳው ወደ መንገድ የሚያይ ከሆነ፣ በተለይ የኮሪደር ልማት ያለፈበት አካባቢ፣ መጀመሪያ ወረዳ ጠይቁ። ደንብ አስከባሪ ሥራውን መሀል ላይ ካስቆመባችሁ ቀኑ የሚቃጠለው የእናንተ ነው።

አንድ መስመር ግን በትልቁ ጻፉ፤ «ከጣሪያ፣ ከቧንቧና ከመሬት የሚመጣ ውሃን ማስተካከል የባለቤቱ ኃላፊነት ነው።» ከካፌው ወዲህ ይህ መስመር ከውሌ ጠፍቶ አያውቅም።

ውሃውን መፈለግ

ግድግዳው ጋ ስትደርሱ መጀመሪያ ዘበኛውን ፈልጉ። ባለቤቱ ክረምቱን ቢሮ ውስጥ ነው ያሳለፈው። ዘበኛው ግን ግድግዳው ሥር ቆሞ ነው ያሳለፈው። ባለፈው ዓመት አንድ ግቢ ሄጄ «አባባ፣ ክረምት ላይ ውሃው በየት በኩል ነው የሚወርደው?» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ዱላቸውን አንሥተው ከአሸንዳው መጋጠሚያ ጀምረው ግድግዳው ላይ ወደ ታች አሰመሩልኝ። «እስከዚህ ነው ልጄ፣ መስከረም ላይ ነው የሚደርቀው» አሉኝ። ግድግዳው በዓይን ሲታይ ግን ንጹሕ ነበር፣ ቀለም ተቀብቶ ነበራ። ዱላቸው የሄደበትን ቦታ በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ ሳደርገው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ጮኸ። ልስኑ ከብሎኬቱ ተላቋል ማለት ነው።

ውሃ በሦስት በኩል ይመጣል። ከላይ የሚመጣው በአሸንዳ፣ በተሰነጠቀ የጣሪያ ጠርዝ፣ ሞልቶ በሚፈስ ታንከር ነው። ይህ ጥሩ ዜና ነው፣ ይጠገናል። ከታች የሚመጣው ግን ያስቸግራል። ብሎኬት የመሬቱን ውሃ እንደ ኩራዝ ክር ወደ ላይ ይስባል። ግድግዳው ከመሬት እስከ ጉልበት ወይም እስከ ወገብ ጠቆር ብሎ ካያችሁት ይኸው ነው። እንዲህ ዓይነት ግድግዳ ላይ የሰው እግር ወይም ጽሑፍ ታች አላወርድም። የታችኛውን ሜትር በአንድ የአፈር ቀለም ብቻ እቀባውና ሥዕሉን ከሱ በላይ እጀምራለሁ። ያ ክፍል ሲበላሽ ማንም ሰው በሮለር ያድሰዋል። ሦስተኛው ከጀርባ የሚመጣው ነው። ከግድግዳው ጀርባ ሻወር አለ? ወይስ አፈር የተደገፈበት ነው? አፈር የደገፈ ግድግዳ ውሃ ማስወጫ ቱቦ ከሌለው ሥራውን አልቀበልም። ገንዘቡ ያጓጓል፣ ግን አልቀበልም።

አባቶቻችን ይህን ነገር ያውቁት ነበር። በጎንደርና በጣና ገዳማት ካሉት የአብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ብዙዎቹ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው። በክብ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ዙሪያውን ሌላ ግድግዳ አለ፣ ከላይ ሰፊ ጣሪያ አለ። ዝናብ አይነካውም። እኛ የምንስልበት የመንገድ ዳር ግድግዳ እንዲህ ያለ ከለላ የለውም።

አሁን ፈተናው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ የሚያሳይ ላስቲክ ቁረጡ። አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉት። አንዱን ከታች፣ አንዱን ከመሀል፣ አንዱን ዘበኛው ባሳያችሁ ቦታ አድርጉ። ለአንድ ቀን ከነሌሊቱ ተዉት፣ ሁለት ቀን ቢሆን ደግሞ ይሻላል። ከላስቲኩ ውስጥ በኩል ጠብታ ካያችሁ ውሃው የሚወጣው ከግድግዳው ነው። ከውጭ በኩል ብቻ ከሆነ የአየሩ ጤዛ ነው፣ አያስጨንቅም። ደንበኛው «ይሄ ሁሉ ለምንድነው?» ካለ ላስቲኩን ራሱ እንዲያነሣው አድርጉ። ጠብታውን በእጁ ሲነካ ክርክሩ ያበቃል።

አዲስ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቅ። ክረምት ከሆነ ከዚያም በላይ። ከዚያ በኋላም ላስቲኩን ለጥፋችሁ እዩ፣ ቀን ቆጠራ ብቻውን አይበቃም።

ነጭ ዱቄት ግድግዳው ላይ ካያችሁ ጨው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ውሃ ይደፋበታል። ውሃው ጨውን ያሟሟውና ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይወጣል። በደረቅ ጠንካራ ብሩሽ ጥረጉት። ዱቄቱን መሬት ላይ ሳትተዉ አንሡት። ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ተመልሶ ከመጣ ውሃው ገና አልቆመም፣ ምንጩን ፈልጉ። በላዩ ላይ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባውን) ደርባችሁ አትሸፍኑት። ጨው ፕራይመርንም ገፍቶ ይጥላል።

አሮጌ ቀለም ያለበት ግድግዳ ከሆነ በመዳፋችሁ ዳበስ አድርጉት። እጃችሁ እንደ ጠመኔ ከነጣ ያ ቀለም ሌላ ቀለም አይሸከምም። ሌላም አለ፦ ቀለሙን በምላጭ መስቀለኛ አድርጋችሁ ጫሩት፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ በአንዴ ንቀሉት። ቀለም ይዞ ከመጣ መፋቅ አለበት።

ማዘጋጀት

የላላውን በስፓቱላና በሽቦ ብሩሽ አውርዱ። የሚጮኸውን ልስን አፍርሱና አስለስኑ። አቧራውን ጥረጉ። ስንጥቁን በሲሚንቶ ሙሉ። ስቱኮና ጂፕሰም ለቤት ውስጥ ነው፣ ውጭ ላይ ውሃ ጠጥቶ ይለሰልሳል። ቀለም ቀቢው «ግድ የለም፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» ቢላችሁም እሺ አትበሉ። ከዚያ ለሲሚንቶ የሚሆን ፕራይመር ቀብታችሁ አሳድሩት።

ለሥዕሉ የምጠቀመው የውጭ ፕላስቲክ ቀለም ነው፣ በውሃ የሚቀጥነውን። እርጥበትን ውስጥ አያፍንም፣ ግድግዳው ይተነፍስበታል። የዘይት ቀለምን ለብረት በርና ለአጥር ትቼዋለሁ። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር አንድ ዙር ይሸፍናል፤ ሻካራ ከሆነ ያንሳል። ከሥዕሉ ኋላ ለሚቀባው መደብ፣ 18 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ ለሁለት ዙር ወደ 5 ሊትር ያዙ። ርካሽ ሮለር አትግዙ። ፀጉሩ ይረግፍና ፊት ላይ ይቀራል፣ እሱን በጥፍር ስትለቅሙ ትውላላችሁ።

ማተለቅ

ንድፉን በ1 ለ10 ሥሩት። 60 በ30 ሴንቲ ወረቀት 6 በ3 ሜትር ግድግዳ ይሆናል። ወረቀቱን በየ5 ሴንቲ፣ ግድግዳውን በየ50 ሴንቲ ካሬ አድርጉ። መስመሩን ለማውጣት ሲባጎ በከሰል ዱቄት አሽታችሁ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይወጥረውና መሀሉን ስባችሁ ልቀቁት። ቀጥ ያለ መስመር ይመታል። አግድሙን በውሃ ልክ፣ ቁሙን በቱምቢ ያዙ። በአስፋልቱ ወይም በጣሪያው አትመኑ፤ አዲስ አበባ ቁልቁለት ናት፣ ዓይን ይሸወዳል።

ከዚያ እያንዳንዱ ካሬ ውስጥ ያለውን ብቻ ቅዱ። ሙሉውን ፊት አታስቡ፣ በዚህ ካሬ ውስጥ መስመሩ በየት ገብቶ በየት ይወጣል የሚለውን ብቻ እዩ። በማርከር አትሳሉ፣ ቀለሙን ሰንጥቆ ከሥር ይወጣል። እኔ በቀጠነ የአፈር ቀለም ነው የምነድፈው። ፕሮጀክተር የሚወዱ አሉ። ለጽሑፍ ጥሩ ነው። ግን ጨለማ ይፈልጋል፣ መብራት ይፈልጋል፣ ትንሽ ካዘነበለ ፊት ይጣመማል።

በየሰዓቱ ከመወጣጫው ወርዳችሁ መንገድ ተሻግራችሁ እዩ። ከቅርብ ልክ የሆነ አገጭ ከማዶ ረዝሞ ይታያል።

መቀባት

ከጥላው ጋር ሂዱ። ወደ ምሥራቅ የሚያይ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ምዕራብ የሚያይ ጠዋት ይሠራል። ፀሐይ ያጋለው ግድግዳ ላይ ቀለም ሳይያያዝ ይደርቃል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አቁሙ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ያልደረቀ ቀለም ቅዝቃዜና ጤዛ ካገኘው በደንብ አይጠነክርም። ለውጭ ሥራ የምወደው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። ቀድመው የሚጠፉት ደማቅ ሮዝና የሚያበሩት ቀለሞች ናቸው። የአፈር ቢጫ፣ የሸክላ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ይቆያሉ። ደንበኛው ሮዝ ካለ እንደሚደበዝዝ ቀድማችሁ ንገሩት።

ቀለሙ ሲደርቅ ይጠቁራል። ስለዚህ የቆዳ ቀለም ስትበጠብጡ ጠብታ ግድግዳው ላይ አድርጉና ሲደርቅ እዩት። ለሙሉ ሥዕሉ የሚበቃውን በአንዴ በጥብጡ፣ ሁለተኛ ያንኑ ማግኘት ከባድ ነው። ውሃ አታብዙበት። ብዙ ውሃ የገባበት ቀለም ለጊዜው ያምራል፣ በዓመቱ በእጅ ሲነካ ይለቃል።

ሲያልቅ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ትታችሁ ለውጭ የሚሆን፣ በውሃ የሚሠራ ቫርኒሽ በስሱ ደርቡ። ቸኩላችሁ ከደረባችሁ ከሥሩ እርጥበት ይዘጋና እንደ ወተት ይነጣል። የዘይት ቫርኒሽ ደግሞ ቢጫ ይሆናል።

ከየቀለሙ ትንሽ ትንሽ በክዳን ማሰሮ አስቀሩ። ክዳኑ ላይ የቀለሙን ስምና የተበጠበጠበትን ቀን ጻፉ፣ ለባለቤቱ ስጡት። እኔ ለዘበኛውም የት እንደተቀመጠ አሳያለሁ። መስከረም ሲጠባ ላስቲክና ፕላስተር ይዤ ተመልሼ እሄዳለሁ። የካፌዋን ሴት አሁንም በየዓመቱ ጉንጯን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ አያለሁ።