የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ለሚጠቀም የባክቴሪያ ነዳጅ ሴል፦ ኤሌክትሮዱን እንዴት እናሻሽል?

ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው በነዳጅ ሴሉ ውስጥ ባክቴሪያው የፍሳሹን ስኳር በልቶ ኤሌክትሮን ለአኖዱ (ለኔጌቲቩ ኤሌክትሮድ) ያስረክባል፤ ካቶዱ (ፖዘቲቩ ኤሌክትሮድ) ላይ ኤሌክትሮኑን የሚወስደው የአየር ኦክስጅን ነው። ኃይሉ ሲያንስ ብዙ ሰው አኖዱን ለማስፋት ይቸኩላል። ካቶዱ ደክሞ ሳለ አኖድ ማስፋት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ስለዚህ የአኖዱና የካቶዱ ቮልቴጅ ለየብቻ የሚለካበትን የብር ክሎራይድ ማመሳከሪያ ኤሌክትሮድ ፈሳሹ ውስጥ አስገብተው፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን ሬዚስተር ከ1000 ወደ 100 ኦም ደረጃ በደረጃ ይቀንሱ፤ በየደረጃው 20 ደቂቃ ይጠብቁ። ይበልጥ የወረደው የካቶዱ ቮልቴጅ ከሆነ እሱን ያሻሽሉ። የአኖዱ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ ወደ ዜሮ ከሸሸ ግን ጉድለቱ አኖዱ ላይ ነው።

ለአኖድ የገበያ የማገዶ ከሰል አይሆንም። በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚከስል ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፤ መልቲሜትር ወዲያው ያሳያል። የደረቅ ባትሪ የካርቦን ዘንግ ያስተላልፋል፤ ነገር ግን 8 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 57 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ የጎን ስፋቱ 14 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ባክቴሪያ የሚሰፍርበት ቦታ በብዛት የሚገኘው 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የካርቦን ፌልት (ከካርቦን ክር የተሠራ ወፍራም ጨርቅ) ላይ ነው። አዲስ ፌልት ውሃ አይጠጣም፤ አንድ ሌሊት በአሴቶን ይዘፍዝፉት፣ ይጠቡት፣ ሙሉ በሙሉ ያድርቁት (እርጥብ አሴቶን ምድጃ ውስጥ ይቀጣጠላል)፣ ከዚያ በላቦራቶሪ ምድጃ በ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ያቆዩት። የቲታኒየም ሽቦ እንደ ስፌት ከዳር እስከ ዳር ያሳልፉበት። መዳብ ፈሳሹን እንዳይነካ፤ ይበላል፣ የሚሟሟውም ባክቴሪያውን ይመርዛል።

ለካቶድ አክቲቭ ካርቦን ዱቄትና የቴፍሎን ማጣበቂያ 6 ለ1 በክብደት አቡክተው በማይዝግ ብረት ወንፊት ላይ ይጫኑ። ከአኖዱ 2 ሴንቲ ሜትር ያርቁት፤ በጣም ከተጠጋ ሾልኮ የሚገባው ኦክስጅን አኖዱን ይረብሻል፣ ሲርቅ ደግሞ ውስጣዊ ተቃውሞው ይጨምራል።

በጅማ ዙሪያ ካሉ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች የሚወጣው ፍሳሽ ኮምጣጣ ነው፤ ፒኤቹ 4 አካባቢ ሊወርድ ይችላል። በጨርቅ ያጥሉት፤ አለበለዚያ ዝልግልጉና ገለባው ፌልቱን ይደፍነዋል። ኖራ ፒኤቹን ያነሳል፣ ነገር ግን ካልሲየሙ ካቶዱ ላይ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። ቤኪንግ ሶዳ የተሻለ ነው፦ በሊትር ከ4 ግራም ጀምረው ፒኤቹ 7 እስኪጠጋ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ አረፋ ስለሚያነሳ ዕቃው አይሙላ። ለዘር (ለመነሻ ባክቴሪያ) ከቄራ የሚገኝ የከብት ፈርስ ጭማቂ ከጠቅላላው አንድ አስረኛ ያህል ይበቃል።

ቅርፊት ከያዘ ካቶዱን ፈትተው በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሳድረው ያጥቡት፤ ፌልቱን ግን አሲድ አያስነኩ፣ ባክቴሪያው ያልቃል።