እረፍት የማይሰጥ ጨቅላ እንዴት በሰላም ይተኛል? (ከነመኝታው አዘገጃጀት)

የኔ ልጅ እስከ 5 ወሩ ድረስ በአንድ ሌሊት ስድስት ሰባቴ ይነሳ ነበር። ደሴ ነው ያለነው፣ የተወለደው ደግሞ ህዳር ላይ፣ የጦሳ ተራራን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በነዛ ወራት የገባኝ ነገር ቢኖር አደገኛው የልጁ ማልቀስ ሳይሆን የኔ መድከም እንደሆነ ነው። ቀን ላይ የህፃን አስተኛኘት ህጉን ሁሉ እንደ ውሃ ነው የምጠጣው፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን ስሜን ብትጠይቁኝም አላስታውስም። ስለዚህ ከታች ያለውን ሁሉ ማታ ጭንቅላታችሁ ገና እየሰራ እያለ አዘጋጁት፣ ሌሊት የሚታሰብ ነገር እንዳይኖር።

1. መኝታው

ጠንካራ፣ ጠፍጣፋ፣ ባዶ። በቃ ይሄው ነው። ስፖንጁን በእጃችሁ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፣ የእጃችሁ ቅርፅ ሰርጉዶ ከቀረ ለህፃን አይሆንም። አልጋ አናጢ ጋር የምታሰሩ ከሆነ በቋሚዎቹ እንጨቶች መሃል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ እንዳይበልጥ ተከታተሉ፣ ሜትር ከሌላችሁ የለስላሳ ቆርቆሮ አስገቡበት፣ ካለፈ ሰፍቷል ማለት ነው፣ የልጁ ሰውነት ሾልኮ ጭንቅላቱ ሊቀረቀር ይችላል። ፍራሹና ጠርዙ መሃልም ሁለት ጣት ከገባ ፍራሹ አንሷል። የኔን አናጢ ሁለቴ መልሼበታለሁ፣ ደስ አላለውም ግን ሰራው።

አልጋ መግዛት ግን ግዴታ አይደለም። ገጠር መደብ ላይ ጀንዲ አንጥፎ ለብቻው ማስተኛት ሱቅ ካለው ለስላሳ ፍራሽ ይሻላል፣ እንዳይወድቅ ብቻ በደንብ አስቡበት። አጎዛ ግን ይነሳ፣ ፊቱ ፀጉሩ ውስጥ ከተቀበረ አየር ያጥረዋል። ትራስ፣ አሻንጉሊት፣ በአልጋው ዙሪያ የሚታሰረው ስፖንጅ፣ ሁሉም ይውጣ፣ እሱ ለፎቶ እንጂ ለልጅ አይጠቅምም። ኮምቦልቻና ባቲ ያላችሁ አጎበሩን ፍራሹ ስር በደንብ ሸጉጡት፣ ፊቱ ላይ እንዳይንጠለጠል።

ቦታው ከናንተ አልጋ አጠገብ፣ እጃችሁ የሚደርስበት፣ ቢያንስ እስከ 6 ወሩ። አንገቱ ላይ ያለ ክርም በእንቅልፍ ሰዓት ይውለቅ፣ ማተብም ይሁን ክታብ። እኛ ቤት ከአልጋው ራቅ አድርገን ግድግዳ ላይ ነው የሰቀልነው፣ ማንም አልተቀየመም።

2. በጀርባው

እዚህ ላይ ከአማቴ ጋር ተጋጭተናል። እማማ ለአራስ ጥየቃ ከሐይቅ መጥተው "አብሽሪ ልጄ፣ ይሄ ቁርጠት ነው፣ በሆዱ ገልብጪው ዝም ይላል፣ እኔ ስምንቱን እንደዛ ነው ያሳደግኩት" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ በሆዱ የተኛ ህፃን ድብን ብሎ ነው የሚተኛው። ችግሩ እሱ ራሱ ነው፣ አየር ሲያጥረው ቶሎ አይነቃም። ድንገተኛ የጨቅላ ሞት የሚባለው፣ ጤነኛ የመሰለ ህፃን ተኝቶ ሳለ ምክንያቱ ሳይታወቅ መሞቱ ማለት ነው፣ ከ1 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይበዛል፣ አሜሪካኖች በፈረንጆች 1994 በጀርባ አስተኙ የሚል ዘመቻ ጀምረው በሱ የሚሞተው ህፃን ቁጥር ከነበረበት በግማሽ ገደማ ወርዷል።

"በጀርባው ከተኛ ሲያስመልሰው ያንቀዋል" ለሚለውም መልሱ ይኸው። ልጁ በጀርባው ሲሆን የአየር ቧንቧው ከላይ የምግቡ ቧንቧ ከታች ነው፣ ያስመለሰው ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ስትገለብጡት ግን የአየር ቧንቧው ከታች ይሆናል። ይሄን በሁለት ፌስታል ቱቦ አድርጌ ለእማማ አሳየኋቸው፣ ሳቁብኝ ግን ተቀበሉኝ። በጎን ማስተኛትም አይሆንም፣ ተንከባሎ በሆዱ ይሆናል። በሆድ ማስተኛት ቀን ነቅቶ እያያችሁት ይሁን፣ ለአንገቱም ጥሩ ነው ጭንቅላቱም ጠፍጣፋ እንዳይሆን ያግዛል።

3 እና 4. ልብስና ብርድ፣ አንድ ላይ ናቸው

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ስለዚህ ባና ጣል ማድረግ ያምረናል። አታድርጉት፣ የሚንሸራተት ነገር ፊቱ ላይ ይወጣል። እኔ ሰኞ ገበያ ልብስ ሰፊ ጋር ከአሮጌ ብርድ ልብስ እጅጌ የሌለው ከረጢት አሰፋሁለት፣ ብብቱ ጋ ልክክ ያለ፣ ጭንቅላቱ በአንገቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ የማይገባ፣ እግሩ ጋ ሰፊ። ከሱቅ ዕቃ ሁሉ እሱን እመርጣለሁ። ኮፍያ ቤት ውስጥ ሲተኛ አያስፈልገውም። በርዶት ይሆን ስትሉ እጁን ሳይሆን ማጅራቱን ወይ ደረቱን ንኩት፣ ካላበው አብዝታችኋል ማለት ነው። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ የኔን አይታ ያንኑ ልታሰፋ ነበር፣ እዛ ግን ስለሚሞቅ ያልተደረበ ስስ ጨርቅ ይበቃል።

ከሰል ግን፣ በፈጣሪ። ቡና ተጠጥቶ ማንደጃው "ክፍሉን ያሙቅልን" ተብሎ ተዘግቶ የሚታደርበት ቤት ብዙ ነው። አመድ የለበሰው ፍም ሽታ የሌለው ጭስ እየለቀቀ ነው፣ ራስ ምታት ብሎ ይጀምርና ሳትነቁ ሊገድል ይችላል፣ ህፃን ደግሞ ከትልቅ ሰው ቀድሞ ይጎዳል። ከመኝታ በፊት ውጪ ይውጣ፣ እጣኑም እንደዛው።

5. ከክንድ ወደ አልጋ ማውረዱ

ይሄ ነው ዋናው ጣጣ። እቅፍ ላይ እንደ መልአክ የተኛው ልጅ ፍራሽ ሲነካ እሳት እንደነካው ብድግ የሚለው ለምንድነው? ጨቅላ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ የሄደ ከመሰለው እየወደቀ ያለ ይመስለውና እጁን ዘርግቶ ይደነግጣል፣ ተፈጥሮ ነው፣ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ይጠፋል። እኔ ለሳምንታት ጭንቅላቱን አስቀድሜ ነበር የማወርደው፣ ከዛ ደግሞ ልጁ እልኸኛ ነው እል ነበር።

እንዲህ ነው የሚሰራው። አይኑ ስለተጨፈነ ብቻ አትቸኩሉ፣ ሩብ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ያዙት። ከዛ ክንዱን ከፍ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ዱብ ካለ ተኝቷል፣ ከተወጠረ ገና ነው። ከደረታችሁ ሳታርቁት አብራችሁት ጎንበስ በሉ፣ መጀመሪያ እግሩ፣ ከዛ ቂጡ፣ ከዛ ጀርባው፣ ጭንቅላቱ መጨረሻ። እጃችሁን ከስሩ ቶሎ አታውጡ። አንዱን ቀስ ብላችሁ ስታወጡ ሌላው ደረቱ ላይ ይሁን፣ ትንፋሹ ሲረጋጋ አንድ አንድ ጣት እያላችሁ አንሱ። አንሶላው በረዶ ከሆነ ቀድማችሁ የሞቀ ውሃ በላስቲክ አስቀምጡበትና ልጁን ከማስተኛታችሁ በፊት አውጡት፣ አብሮት እንዳይቀር።

አንቀልባ ላይ የተኛ ከሆነ ብቻችሁን ቆማችሁ አትፍቱ። አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ከተቻለ ሰው ከኋላ ይዞላችሁ። አዝላችሁትም ሳለ ፊቱን በነጠላ አትሸፍኑት፣ አገጩም ደረቱ ላይ አይለጠፍ።

ደግሞ አንድ ነገር፣ ሲያቃስት ሲንፈራገጥ ወዲያው አታንሱት። ጨቅላ ግማሽ እንቅልፉ እንደዛ ነው፣ አይኑን ሳይቀር ገለጥ ያደርጋል ግን አልነቃም። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። እኔ ስንት ሌሊት የተኛ ልጅ ቀስቅሼ "አይተኛም" ብዬ አለቀስኩ መሰላችሁ።

6. እናንተ ስትደክሙ

2 ወር ከምናምን እያለ አንድ ሌሊት አልጋ ላይ ሆኜ ካጠባሁት እንቅልፍ ይጥለኛል ብዬ ሳሎን ሶፋ ላይ ሄድኩ፣ ቁጭ ካልኩ አልተኛም ብዬ ነው እንግዲህ፣ ብልጠት መሆኑ ነው። ስነቃ ክንዴ ላይ የለም። ተንሸራቶ በኔ ጎንና በሶፋው መደገፊያ መሃል ገብቶ ፊቱ ስፖንጁ ላይ ተለጥፏል። ጎትቼ ሳወጣው ጮኸ፣ የዛን ቀን ጩኸቱን የወደድኩትን ያህል በህይወቴ ምንም ወድጄ አላውቅም። ባሌን እስከዛሬ አልነገርኩትም።

በኋላ ሳጣራ ሶፋ ከሁሉም የከፋ ቦታ ነው። እንቅልፍ ሊጥለኝ ይችላል ካላችሁ አልጋችሁ ላይ አጥቡ፣ ትራስና ብርድ ልብሱን ከሱ ጎን አርቃችሁ፣ በአልጋውና በግድግዳው መሃል ካለው ክፍተት አርቃችሁ፣ በሁለት ሰው መሃል ሳይሆን። ስትነቁ ወደ ቦታው መልሱት። ጠላም ይሁን አረቄ የቀመሰ፣ ሲጋራ የሚያጨስ፣ የሚያስተኛ መድሃኒት የወሰደ ሰው ግን አብሮት አይተኛ፣ ልጁ ያለጊዜው የተወለደ ወይ ሲወለድ ከ2.5 ኪሎ በታች ከነበረም እንደዛው። አባቶች፣ ከሌሊቱ አንዱን ፈረቃ ያዙ እንጂ፣ ማስገሳት ጡት አይጠይቅም።

ልቅሶው ሲያሰክራችሁ በጀርባው ቦታው ላይ አስተኙትና 5 ደቂቃ በር ላይ ቁሙ። በፍፁም እንዳትንጡት። "ትንሽ ሽሮፕ ስጪው ይተኛል" የሚል ጎረቤት አይጠፋም፣ እንቅልፍ የሚያመጣው የአለርጂ ሽሮፕ ፕሮሜታዚን ከ2 አመት በታች ላለ ልጅ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ከ3 ወር በታች ሆኖ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ ጡት እምቢ ካለ፣ ወይ ትንፋሹ በደቂቃ 60 (2 ወር ከሞላው 50) እና ከዛ በላይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የእንቅልፍ አይደለም፣ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት።

7. መገልበጥ ሲጀምር

የምትጠቀልሉት ከሆነ እግሩ እንደ እንቁራሪት ታጥፎ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይኑረው፣ ቀጥ አድርጎ ማሰር ዳሌውን ይጎዳል። ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር ግን፣ 3 ወርም ይሁን 4፣ መጠቅለሉ በዛው ቀን ይቁም፣ እጁ ታስሮ በሆዱ ከሆነ መመለስ አይችልም። እኛ ስናቆም ሶስት ሌሊት ቤቱ በሙሉ አልተኛም፣ አራተኛው ላይ የራሱን ጣት አገኘና እሱን እየጠባ ተኛ። በሁለቱም በኩል በራሱ መገልበጥ ሲችል እናንተ በጀርባው አስተኙት፣ ከዛ በኋላ ራሱ የመረጠበትን ግን ተዉት።