ዝናብ ሳይጥል የሚያንጠባጥብ በረንዳ

ደሴ ላይ የቆርቆሮ በረንዳ ዘግቶ ክፍል ማድረግ የተለመደ ነው። ክዳኑ አለ፣ ቋሚው ብረት አለ፤ ጎኑን በብሎኬትና በመስኮት ከዘጉት አለቀ ይባላል። እኔም እንዲያ ብዬ ነው የገባሁበት። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠዋት ከጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት ግንባሬ ላይ ጠብ አለብኝ። ወጥቼ ባይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ቆርቆሮው ተበስቷል ብዬ ባለሙያ ጠራሁ። ሚስማሩን ሁሉ በሲሊኮን ደፈነ፣ ሂሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ። በማግስቱ ያው ጠብታ! ለካ የገዛ ትንፋሻችን ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ላይ ይለቅና ከአየሩም በላይ ይቀዘቅዛል። የተኛ ሰው ትንፋሽ፣ የጀበና እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ እርጥበት ሽቅብ ይወጣል። ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል። የድስት ክዳን ገልብጦ ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል።

ለመለየት ማታ ቆርቆሮውን ከውስጥ በጨርቅ አድርቁት። ያን ሌሊት ማንም አይተኛበት፣ ቡናም አይፈላበት። ጠዋት ውሃው ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ ትንፋሽ ነው። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ፣ ያውም ከአንድ ቦታ የሚወርድ ከሆነ ግን እውነተኛ ቀዳዳ ነው።

እኔ መጀመሪያ የማዳበሪያ ኮርኒስ ወጠርኩበት። እንፋሎቱ አልፎት ወጣ፤ ውሃው ተመልሶ ኮርኒሱ ላይ ተኛ። በወሩ ቡናማ ካርታ ሣለበት። ዋናው ነገር እርጥብ አየር ብረቱ ጋ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ዓይነት ነጭ ፎም፣ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን፣ በሞራሌዎቹ መካከል ጥብቅ አድርጋችሁ ግጠሙ። ክፍተቱን በሚነፋ ፎም ድፈኑ። ከሥሩ፣ በክፍሉ በኩል፣ ወፍራም ላስቲክ ዘርግታችሁ መደራረቢያውን በፕላስተር አሽጉ። ላስቲኩን ከፎሙ በላይ ያደረገ ሰው ምንም አልሠራም። በመጨረሻ በጂፕሰም ሸፍኑት። ፎም ተገልጦ አይተውም፤ እሳት ቶሎ ይይዘዋል፣ ጭሱም መርዝ ነው።

ቀን እንደ ምጣድ ይግላል

ኮምቦልቻ ከደሴ ብዙ ዝቅ ስለምትል እዚያ ዋናው በሽታ ይህ ነው። ፎሙ ለዚህም ይሠራል። ብልጭልጭ ወረቀት የምትጨምሩ ከሆነ ቆርቆሮው ላይ አትለጥፉት። ከፊቱ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ባዶ አየር ካላገኘ ጥቅም የለውም። ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ መቀባትም ርካሽና ጥሩ ነው።

ፎም ተገጥሞም ይበርዳል

ቆርቆሮው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ የሞገዱ ቀዳዳዎች ክፍት ይቀራሉ። ሰንደል ለኩሳችሁ ከፎሙ ራቅ አድርጋችሁ ጭሱን ተከታተሉ። ጭሱ በሚታጠፍበት ሁሉ ንፋስ አለ፤ ያን ድፈኑ።

ክረምት ላይ መደማመጥ የለም

ሐምሌ ላይ በረዶ ሲወርድ ፎሙ ብቻውን ድምፅ አይገታም። ድምፅ የሚቀንሰው ክብደት ነው። ጂፕሰሙን ድርብ አድርጉ፤ ግን መጀመሪያ ቋሚዎቹ ያን ክብደት መቻላቸውን ባለሙያ ይይላችሁ። በረንዳ ሲሠራ ቆርቆሮ ብቻ እንዲሸከም ታስቦ ነው።

እውነተኛ ቀዳዳ ከሆነ

ሚስማሩ ከሞገዱ ጫፍ ይልቅ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ላይ ተመትቶ ይሆናል። ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎሚኒም ያረጃል፤ ቀይሩት።

ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል

ይህን አትናቁት። ክፍሉ በደንብ በታሸገ ቁጥር የከሰል ነገር አደገኛ ይሆናል። «ጭሱ ካለቀ ችግር የለውም» የሚባለው ስህተት ነው። የቀላ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ጋዝ ይለቃል፣ ይገድላል። እንዲህ ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፣ ሕክምና ሂዱ። ከታችና ከላይ አየር ማስገቢያ ተዉ፤ ከሰሉ ግን ከነጭራሹ አይግባ።

እናቴ መጀመሪያ አኮረፈች። «ከውጭ ተፈልቶ የሚመጣ ምን ቡና ነው?» አለች። አሁን ረከቦቱ ክፍሉ ውስጥ፣ ምድጃው ግቢው ዳር ነው። ከአቦል እስከ በረካ ጀበናዋን በመስኮቱ መስታወት ትጠብቃለች።